በጀርባው የተጻፈው ስም

ባሕር ዳር፤ የጎልማሶች የእንግሊዝኛ ክፍል ከተበተነ በኋላ የሎጅ ሾፌሩ አቶ ገላው በሩ ላይ ቆሞ፣ ወጣቱ መምህር ይትባረክ ከግድግዳ የገነጠለውን ወረቀት በእጁ ይዞ።

ይትባረክ፦ ይቅርታ ካልጠየቁ ማርክ የለም አልኩ። አሁን ከበሩ ዞር ይበሉልኝ።

ገላው፦ ማርኬን ሰጥተኸኝ ውጣ። ሰኞ የምስክር ወረቀቱን ካላመጣሁ መኪናዋን ለሌላ ሾፌር ይሰጧታል። እንግሊዝኛ የሚያንበለብል ጎረምሳ ከወዲሁ ሲዞራት ይውላል።

ይትባረክ፦ ይህን ሳይጽፉ በፊት ነበር ማሰብ።

ገላው፦ ምን ጻፍኩ? "የምታውቁትን ሰው በአምስት ጥምር ቅጽል ግለጹ" አልክ። ሁለቱን ቃል በሰረዝ አጋቡና አንድ ጠባይ ይውለዱ አልክ። አጋባሁ።

ይትባረክ፦ የወለዱትን ላንብብልዎ? ሾርት-ቴምፐርድ፤ ቶሎ ቱግ የሚል። ሻርፕ-ተንግድ፤ ምላሱ ምላጭ። ኮልድ-ሃርትድ፤ አንጀት የሌለው። ዌል-ድሬስድ፤ ሁልጊዜ ሽክ ያለ። እዚህ ግቢ ከእኔ ሌላ ከረባት የሚያስር አለ?

ገላው፦ ከረባት ባንተ የተጀመረ መሰለህ።

ይትባረክ፦ አያሹፉብኝ።

ገላው፦ ሰረዙ ተሳስቷል?

ይትባረክ፦ አልተሳሳተም።

ገላው፦ የባንኩ ዘበኛ ሚስቱን "ጉድ-ሉኪንግ"፣ መልከ መልካም ብሎ ቢጽፍ አስጨበጨብክለት። የእኔ ሰው መልካም ስላልሆነ ነው ማርክ የሚነፈገኝ? የማውቀውን ሰው አልክ እንጂ የምወደውን አላልክም።

ይትባረክ፦ ሠላሳ ተማሪ ባንድ አፍ "መምህር ይትባረክ" ብሎ ሲያውካካ፣ እርስዎ ጭራሽ ፊትዎን ወደ መስኮት አዙረው ተቀመጡ። ሁሌም ነው። እኔ ሳስተምር መስኮት ነው የሚያዩት። ንቀትዎ የሚደበቅ መስሎዎት ነው?

ገላው፦ ንቀት ያልከው ያንተው ነው። በቀኝህ በኩል ተቀምጬ እጄን አውጥቼ ስንቴ ጠራሁህ? ዞር ብለህ አታይም። ዕቃ እንደጠራህ ታልፋለህ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው እኮ።

ይትባረክ፦ ጠርተውኝ አያውቁም።

ገላው፦ ሦስት ቀን በተከታታይ። ቆጥሬያለሁ። እኔ እንዲህ ያለውን አልረሳም።

ይትባረክ፦ አየዋለሁ፤ ቂምዎን ወረቀት ላይ አፍስሰውታል።

ገላው፦ ሕጉን ያወጣኸው አንተ ነህ። ወረቀቱ ያለ ስም ይሰቀላል፣ ክፍሉ ይገምታል፣ ጸሐፊው ትንፍሽ አይልም፤ መጨረሻ ላይ አንተ በጀርባው በሙጫ የታሸገውን የተገለጸውን ሰው ስም ከፍተህ ታነባለህ። የሁሉን ከፈትክ። የእኔን ግን ገና ሲስቁ ገንጥለህ ወሰድከው።

ይትባረክ፦ የገዛ ስሜን ጮክ ብዬ ላንብብልዎ ኖሯል?

ገላው፦ ያንተ ስም መሆኑን ማን ነገረህ? አራቱን ቃል ስትሰማ ሮጠህ ገባህባቸው። ልክህ ሆነው ይሆናል።

ይትባረክ፦ ማን ነው ታዲያ?

ገላው፦ እሱማ ሙጫው ስር ነው። ልቅደድልህ?

ይትባረክ፦ እጅዎን ይሰብስቡ፣ እኔ እከፍተዋለሁ። … "አቶ አስረስ። የዳንግላ ትምህርት ቤት ድሬክተር።"

ገላው፦ ድምፅህ ምነው ወረደ? አንብበው እንጂ።

ይትባረክ፦ አባቴን ከየት ያውቁታል?

ገላው፦ ስም ስትጠራ የመጀመሪያ ቀን ነው የገባኝ። ይትባረክ አስረስ። ወንበሬን ትቼ ልወጣ ብዬ፣ ሰኞን አስቤ ተቀመጥኩ።

ይትባረክ፦ አባቴ ሲቀበር ከተማው ነው ያለቀሰለት።

ገላው፦ ነበርኩ። ሬሳው አጠገብ የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ፣ ደግነቱን በግራ ጆሮዬ አዳመጥኩ።

ይትባረክ፦ በግራ?

ገላው፦ ሰባተኛ ክፍል ሆኜ ባንዲራ ስር አቁሞ እንግሊዝኛ አስነበበኝ። ሁለተኛው መስመር ላይ ተደናቀፍኩ። ተማሪው ሁሉ እያየ አንዴ ነው በጥፊ ያጮለኝ። ቀኙ ከዚያ ወዲህ አይሰማም። ትምህርት ቤቱንም ዳግም አልረገጥኩ። ይኸው መስኮት የማየው በደህናው ልሰማህ ብዬ ነው። አሁን ልጁም ያባርረኛል።

ይትባረክ፦ እሱ… ለኛም ለቤቱ ልጆች…

ገላው፦ ለናንተማ አባት ነው። ተወው። ማርኬን ጻፍ፣ ወይ አልጽፍም በል። ልመና አልችልበትም።

ይትባረክ፦ ሙሉ አይሰጥም። አምስት ተባለ፣ አራት ነው የጻፉት።

ገላው፦ አምስተኛው ጠፍቶብኝ ነው። ስለ እጁ ልጽፍ አስቤ ቃሉን አጣሁት። አንድ ቀንሰህ ቀሪውን ስጠኝ፤ አራቱም ያሳልፈኛል።

ይትባረክ፦ እስክሪብቶዎን ያቀብሉኝ።

ገላው፦ ምን ልታደርግ ነው? እዚያ ላይ አትሰርዝ።

ይትባረክ፦ አልሰርዝም። ሌፍት-ሃንድድ። በግራ እጁ ነበር የሚመታው።

ገላው፦ ለምን አንተ ትጽፍልኛለህ?

ይትባረክ፦ ወንበር ይሳቡና ወደ እኔ ዞረው በዚህ በግራዬ ይቀመጡ፣ ጋሼ ገላው። በቀኜ በኩል እኔም አልሰማም።