ከአጥር ወዲያ የተሰማ ንባብ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በጥር ወር፣ መሪጌታ መርስዔ ኀዘንና ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ከቁንዝላ ወደ ባሕር ዳር በምትመለስ ጀልባ ተሳፍረው ሳሉ፣ የቀበሌያቸው የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ፣ የነጋዴ ልጅ ሰላሁዲን፣ ሳይታሰብ ከአጠገባቸው ተቀመጠ። እኔ ከፊታቸው ነበርሁና የሰማሁትን ሳልጨምር እጽፋለሁ፤ ብጨምርም ለጥቅም ነው።

ሰላሁዲን ሰላምታ ሰጥቶ፣ «መሪጌታ፣ እትዬ ነገ ለንባብ ፈተናው ይመጣሉ አይደል?» አለ።

«አትመጣም» አሉ መሪጌታ። «ተማሪዎችህ ሲያነቡ ሰማኋቸው፤ ቃሉን እንደ ሸንኮራ አገዳ ይቆራርጡታል። ቤ፣ ተ፣ መ፣ ጻ እያሉ! የሚነሣው ድምፅ አይነሣ፣ የሚወድቀው አይወድቅ። የመሪጌታ ሚስት በአደባባይ እንዲህ አንብባ እኔ በምን ፊቴ ቅኔ ማኅሌት ልቁም?»

ወለተ ሚካኤል መጽሐፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ስንት ወር የደከሙበት የምስክር ወረቀት በአንድ ቃል ሊቀር ነውና አሳዘኑኝ።

ሰላሁዲን ግን አልተቆጣም። «እውነትዎን ነው። እኛ የምናስተምረው ፊደሉን ነው። ቃሉ የት እንደሚያርፍ፣ የት እንደሚጠብቅ መጽሐፉ ላይ አልተጻፈም። እርስዎ ይህን ለተማሪዎችዎ በጆሮ ያስተምሩታል። ታዲያ ከመከልከል ማሰማት አይሻልም?»

«በዚህ ዕድሜዋ ሰምታ ትለየዋለች?»

«እስቲ ይሞክሯቸው።»

መሪጌታ ስቀው የሚስታቸውን መጽሐፍ ገለጡና ከባዱን ዓረፍተ ነገር መረጡ። ወለተ ሚካኤል ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «የቤተ መጻሕፍቱ ሥነ ሥርዓት በኅብረት ይከበራል» ሲሉ አነበቡ። የተጣመረውን ሳይነጥሉ፣ ድምፃቸውን በቦታው አንሥተው በቦታው ጣሉት። ተማሪ ሲያነብ የምትመታው፣ ሲሳሳት የምትቆመው የመሪጌታ ጣት የጀልባውን ጠርዝ እየመታች ተከተለቻቸው፤ አንድ ጊዜም አልቆመች።

«ማን አስተማረሽ?»

«እርስዎ ነዎታ። ሃያ ዓመት ልጆቹን ሲያርሙ ከአጥሩ ወዲያ ጥጥ እፈትል አልነበር? ንባቡን ከእርስዎ ሰማሁ፤ የጎደለኝ ፊደሉ ነበር፤ እሱን ከሰላሁዲን አገኘሁ።»

መሪጌታ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ተማሪ ሳልቆጥር ኖሬያለሁ» አሉ። ወደ ሰላሁዲንም ዞረው፣ «ፈተናው ይለፍና እኔም መጥቼ ሌሎቹን በጆሮ አቃናልሃለሁ» አሉት።

አንባቢ እናት ያለችበት ቤት የመድኃኒቱን ወረቀት ለጎረቤት አያስነብብም፤ ደብዳቤውም ምሥጢሩ አይወጣም። የጥንቱ ጆሮና የዛሬው ፊደል ሲገናኙ ደግሞ ያነበቡት ይገባል። አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም።

ከባሕር ዳር ስንቃረብ ነፋስ ተነሥቶ ውሃ ይረጨን ጀመር። መሪጌታ የዳዊታቸውን የቆዳ ማኅደር ፈቱ፤ የሚስታቸውን የፊደል መጽሐፍ ተቀብለው ከዳዊቱ ጎን ሸጎጡት።

«ውሃ እንዳይነካው» አሉ፤ «ነገ ይፈለጋል።»