በኮምፒውተር የወረደው ብርሃን

የደብራችንን ጠበል በቪዲዮ የቀረጸ አንድ ጎረምሳ «የሠራሁትን ይዩልኝ» ብሎ ጎንደር ከተማ ወዳለው ሱቁ ጠራኝ። እኔ ጠበሉ ላይ ውኃ እየቀዳሁ ለካህኑ የማቀብል ሰው ነኝና ከአገሬ ከትክል ድንጋይ ከተማ ተነሥቼ ሄድኩ። ኮምፒውተሩን ሲከፍተው ካህኑ አንዲት በሽተኛ ያጠምቃሉ፤ እኔም ባልዲ ይዤ ቆሜያለሁ። ድንገት ከበሽተኛዋ ራስ በላይ ዐይን የሚወጋ ብርሃን ቦግ አለ! ደንግጬ አማተብኩ። ልጁ ሳቀ።

«አይደንግጡ አያ ደሴ፣ እኔ ነኝ የሠራሁት። እርስዎ ‹ብርሃኑ ሲወርድ በዐይኔ አይቻለሁ› ብለው ይናገሩልኝና እጨምርበታለሁ። የሰው እምነት ይጸናል።»

ደሜ ፈላ። በሽተኛው ሁሉ ያልወረደ ብርሃን አምኖ ሊመጣ ነው! «አንተ፣ ብርሃኑ የበራው ከፊቴ ነው፤ ታዲያ ምነው ጥላዬም ወደ ፊቴ ወደቀ? ይኸን በሬ የሚጠምድ ሁሉ ያውቀዋል» አልኩት። ያፍራል ስል ግንባሩን መታና «እውነትዎን ነው! ሸጋ አድርገው አዩት» ብሎ፣ እዚያው ዐይኔ እያየ ጥላዬን ጠርጎ አጠፋው። «አሁንስ?» ይለኛል ደግሞ!

«ጥላዬን ማጥፋት ካወቅህ እኔንም አብረህ አጥፋኝ።»

«ኧረ አያ ደሴ፣ እርስዎ ከሌሉበት ማን ያምነኛል?»

«ምነው፣ ያን ሁሉ ብርሃን ከሰማይ ያወረድህ ሰው የአንድ ውኃ ቀጂ ቃል ቸገረህ?» አልኩትና ጋቢዬን አጣፍቼ ወጣሁ።