ከቡሬ ማዶ ስንቆም

ከፍኖተ ሰላም ወደ ባሕር ዳር ስንሄድ፣ ሾፌሩ ቡሬን እንዳለፍን "ሽንት ያለበት ይውረድ" ብሎ ሚኒባሱን አቆመ። ወንዶቹ ወርደው ባሕር ዛፉ ሥር ተደረደሩ። እኔም ሽንቴ መጥቷል፤ ግን ስለቸኮልኩ "ለዚች ደግሞ መቆም" እያልኩ ተቀመጥኩ። ከጎኔ ጋቢ የደረቡ የጅጋ ገበሬ አሉ። "እርስዎስ አይወርዱም አባቴ?" አልኳቸው።

"ከሸናሁ ዓመት ሊሆነኝ ነው ልጄ" አሉኝ፣ ዐይናቸውን ከመስኮቱ ሳይነቅሉ። "ኩላሊት ማለት ወንፊት ነው፤ ደሙን አጥርቶ ጉድፉንና ትርፉን ውሃ በሽንት ያወጣል። የእኔው ደከመ። አሁን በሳምንት ሁለቴ ባሕር ዳር ማሽን ያጣራልኛል። መጀመሪያ እግሬ ሲያብጥ፣ ይሽርልኛል ብዬ ጠበሉን በጆግ በጆግ ጠጣሁት፤ የገባው ሁሉ እዚሁ ቀረ።" ወደ ባሕር ዛፉ በአገጫቸው ጠቆም አድርገው ቀጠሉ፤ "ማለዳ ከጤፌ ዳር ቆሜ፣ ሽንቴ የሣሩን ጤዛ ሲያራግፈው ባይ አንድ ቀን። አንተ ግን ሳለልህ ውረድ።"

ወርጄ ባሕር ዛፉ ሥር ቆምኩ። ስመለስ ጋቢያቸውን ሰብስበው አሳለፉኝ። ከዚያ፣ አዝመራው የጠፋበት ገበሬ የጎረቤቱን ምርት እንደሚጠይቅ፣ ቀስ ብለው "ደህና ወጣልህ?" አሉኝ።