የቆረቆንዳ ከሰል

እንደምን ዋሉ እትዬ ዙሃራ! ኧረ አይነሱ፣ በኔ ሞት አይነሱ። ምን እንግዳ ነኝ? ያኔ የጓሮዋን ክፍል የተከራየ ባሮክ ለእርስዎ መቼም እንግዳ አይሆንም። ልደታ ከባቡር ወርጄ ሰፈሩ ጠፍቶኝ ስዞር ነበር፤ ሕንፃ ብቻ ሆኗል። ደግነቱ የእርስዎ ግቢ ያው ነው። ጉልበትዎ ተሻለው? ልጅዎ ኑሪ ወለደ አሉ፣ እሰይ! ደግሞ ያቺ የልብስ ገመድ እስከ ዛሬ አለች? ስንቴ ነው የታጠበ ልብስዎን በጭስ ያጠንኩት! ሰው የጣለውን የበቆሎ ቆረቆንዳ በጆንያ እየለቀመ በርሜል ውስጥ የሚያፍን ተከራይ፣ ሌላ ሰው ቢሆን አንድ ሳምንት አያቆየውም ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ «ዩኒቨርሲቲው ናላውን አዞረው» ሲለኝ፣ እርስዎ ብቻ «ተዉት፣ የሚያውቀው ነገር አለ» አሉ። አልረሳሁትም...

አይ፣ ለምንም አልመጣሁም። እንዲያው ናፍቀውኝ ነው። ቅዳሜ ግን ካሜራ ይዘው ወደ እርስዎ ይመጣሉ ሲሉ ሰማሁ፤ እውነት ነው? ለዚያ ለትልቁ ሰው... ስሙን ምን አስጠራኝ፣ በየግድግዳው ተለጥፎ የለ! «ገበሬው ከሚጥለው ተረፈ ምርት ነዳጅ የፈጠረ ብልህ» ብለው ካባ ሊያለብሱት ነው አሉ። ይገባዋል! እንዴት አይገባውም?

ትሕትናውን አይተውለታል? በቴሌቪዥን «ሐሳቡ ከየት መጣልህ?» ቢሉት «በሕልሜ» አለ። ሰው ሲስቅበት እኔ ነኝ የተሟገትኩለት። እኔ በዚህ ግቢ ነቅቼ ያየሁትን እሱ ተኝቶ ቢያየው ምን ይገርማል? ያኔ እኔ እንቅልፍ የሚባል አልነበረኝም፤ የእኔንም ድርሻ እሱ ሳይተኛልኝ አይቀርም።

ጓደኝነቱስ! ሳይመጣ የቀረበት ቀን ነበር? እዚያ በርሜሉ አጠገብ ይቆምና አፍንጫውን በመሐረብ ይይዛል። ዓይኑን ግን... ዓይኑን አልያዘም። ቆረቆንዳው ሳይነድ እንዲከስል በርሜሉን ስደፍን አየ። የከሰለውን ስፈጭ አየ፤ ሳቦካ አየ፤ ጠፍጥፌ ፀሐይ ላይ ሳሰጣ አየ። አንዲት ነገር ብቻ አመለጠችው። እሷም ብትሆን አልፋው አልሄደችም፤ በልቷት ነው እንጂ።

ያችን ቀን ያስታውሷታል መቼም። እርስዎ ከሰጡኝ ቡላ ሙጫ አፍልቼ ነበር፤ የከሰሉን ዱቄት የሚያያይዘው እሱ ነዋ። ይቀዝቅዝ ብዬ ደጃፍ ላይ ትቼው ውሃ ቀድቼ ስመለስ ድስቱ ተልሶ ያብረቀርቃል። እሱ ሆዬ አፉን እየጠረገ «ገንፎህ ቅቤ አነሰው እንጂ ደህና ነው» አይለኝም? እርስዎ በመስኮት ሆነው አፍዎን በሻርፕዎ ይዘው ይንፈቀፈቃሉ! ልነግረው ስል ደግሞ በዓይንዎ ከለከሉኝ፤ እንግዳ የጎረሰውን አይቆጥሩበትም፣ ነውር ነው። እኔም እስከ ዛሬ አልነገርኩትም። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ... ይሄ አርቆ አሳቢ ግን ሳይሾም በልቶ፣ ከበላ በኋላ ተሾመ።

እናቴን ላስታምም አገር ቤት ወርጄ ስመለስ የእሱ የከሰል ፋብሪካ ተመርቆ ጠበቀኝ። ደስታዬን አይጠይቁኝ! በርሜሉ ያው፣ ወንፊቱ ያው፣ አቦካኩ እንኳ ያው። በሙጫው ቦታ ግን ቀይ ጭቃ! መቼስ የበላውን ከየት ያምጣው? ወርቅ ላበደረ ጠጠር ነበር ድሮ፤ ቡላ ላበላ ጭቃ መሆኑ ነው።

ከሰሉን ደግሞ ማንም አያማው። ቀጥ ያለ፣ ለስላሳ፣ ለዓይን የሚያሳሳ። እሳት ብቻ አይወድም። እንዲህ ያለ ጨዋ ከሰል የት ይገኛል? ልጅ አያቃጥል፣ ድስት አያጠቁር፣ ማንንም አያስቸግር...

ለዕድራችሁም በጆንያ ለግሷል አሉ፣ በጋሽ ፈቃደ ልቅሶ ጊዜ። ንፍሮውን ጥደው ቢጠብቁ፣ ቢጠብቁ፣ ስንዴው እንደ ጠጠር! አንዱ ለቀስተኛ መንጋጋውን ይዞ ሲያለቅስ ያዩ ሰዎች «ሟቹን እንዲህ ይወደው ነበር እንዴ?» አሉ አሉ። ከማንደጃው ሥር የእንጨት ከሰል በዘንቢል ሸሽገው ያስገቡት ደግ ሴት ማን እንደሆኑ አልጠይቅም። ድስቱ ሲንተከተክ ግን እሱ ደረሰና አጠገቡ ቆሞ ፎቶ ተነሳ። ፎቶው ያምራል፤ እኔም አይቼዋለሁ።

እና ቅዳሜ... «ይሄ ሥራ እንዴት ተጀመረ?» ብለው ሲጠይቁዎ ምን እንደሚሉ እኔ ልነግርዎ ነው? አይደረግም! በዚህ ግቢ ከእኔና ከእሱ ሌላ የነበረ እርስዎ ብቻ ነዎት። ያዩትን ይበሉ። ወይም ያለመውን ይበሉለት፤ እሱ ስኳርና ሻይ ቅጠል አስጭኖ መጥቶ ጠይቆዎታል አሉ፤ እኔ እንደሚያዩኝ ባዶ እጄን ነኝ። ካባውን ይልበሰው፤ እኔ ምን ትከሻ አለኝና? እንዲያው በወሬ መሐል «ባሮክ የሚባል ልጅ ነበር» የምትል ቃል ካመለጠችዎ... ካላመለጠችዎም ግድ የለም። ለምጄዋለሁ።

በሉ ልነሳ። ቂም ይዟል እንዳይሉኝ ደግሞ መርቄው ልሂድ። ዕድሜውን ያርዝምለት። ስሙን ከዚህ ያግንለት። ቀንም ሌትም ከአጠገቡ የማይጠፋ፣ የእሱን ልፋት እንደ ራሱ ልፋት የሚያይ፣ ልክ እሱ ለእኔ እንደሆነልኝ ያለ ጓደኛ ይስጠው።

አሚን ይበሉ እንጂ፣ እትዬ ዙሃራ!