ለልጅ የተቀመጠ በሽታ

ጎረቤቴን ልብስ ሰፊውን ያገኘኋቸው በአንድ ልብስ መደብር በራፍ ላይ አሻንጉሊት ይቅርታ ሲጠይቁ ነው። ቀሚስ ለብሳ የቆመችውን የፕላስቲክ ሴት በግራ ትከሻቸው ገፍተዋት ኖሯል፤ «ይቅር በይኝ እትዬ፣ አላየሁሽም» ይሏታል። እሷም እንደ ጨዋ ሰው ዝም አለች።

«ጋሼ፣ አልተቀየመችም፤ እንሂድ» ብዬ ክንዳቸውን ያዝኩ።

ቀና ብለው አዩዋትና፣ «እኔም ደርቃ መቆሟ ገርሞኝ ነበር» አሉ። ጥቂት እንደሄድን ግን ሳቃቸው ጠፋ። ግራ ዓይናቸው ከጎን የሚመጣውን ማየት ካቆመ መክረሙን፣ ቀኙም ሊከተለው መጀመሩን ነገሩኝ። ለማንም እንዳልናገር አስማሉኝ።

«ታዲያ ለምን አይታከሙም? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰሙም?»

«አልደበቅኩትም» አሉ ኮስተር ብለው። «አስቀመጥኩት እንጂ። ለልጄ።»

እኔ ራዲዮ ጠጋኝ ነኝ። የተበላሸ ራዲዮ ለዓመታት ቁም ሣጥን ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ የተበላሸ ዓይን የሚያስቀምጥ ግን ሲገጥመኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ልጃቸው አንድ ናት። እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤቱ የሁለቱ ብቻ ነው። ልጅቱ ለሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ስትዘጋጅ ከርማለች። አባት ጥናቷን እንዳይረብሹ ብለው የስፌት መኪናቸውን ሸፍነው በእጅ ይሰፋሉ፤ ሳል ሲመጣባቸው ደጅ ወጥተው ይስላሉ። እሷ ከመጋረጃው ወዲያ፣ እሳቸው ከመጋረጃው ወዲህ፤ «ራት ቀርቧል» ከሚለው በቀር ቃል ሳይለዋወጡ ቀኑ ይመሻል። ሰፈሩ «እንዴት ያለ የጨዋ ቤት!» እያለ ያመሰግናል። እኔ ግን ግድግዳ ተጋሪ ነኝ፤ ሰው ያለበት ቤት እንዲያ ጭጭ ሲል ደስ አይለኝም።

መሐላዬን ጠበቅኩ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እንዲያሳጥሩልኝ የሰጠኋቸውን ሱሪ ልወስድ ስገባ፣ ልጅቱ ከመጋረጃው ወጥታ ከአባቷ በስተግራ ተቀምጣ አገኘኋት። በጣቷ ዝም እንድል ጠቆመችኝ። መቀሱን ዘርግታላቸው ቆየች። አባት መርፌያቸው ላይ እንዳጎነበሱ ናቸው።

«አባዬ፣ መቀሱን እንካ።»

ደንግጠው ወደ ቀኝ ዞረው ፈለጓት።

«በግራህ ነኝ። ከተቀመጥኩ ቆየሁ። ራት ላይ በግራህ ያለውን ብርጭቆ ስትገፋ ሳይ ነው የጠረጠርኩት።»

ልብስ ሰፊው እኔ ላይ አፈጠጡ። «እኔ የለሁበትም» አልኩ።

«ነገ ዓይን ሐኪም ጋ እንሄዳለን» አለች።

«ሐኪሜ አንቺ ነሽ። ተምረሽ ስትጨርሺ የመጀመሪያ በሽተኛሽ እኔ ነኝ። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው ስንቴ አስጠብቄ የለ? በሽታም ይጠብቅ።»

«ለዚያ እኔ ምስክር ነኝ» አልኩ ሱሪዬን እየፈለግኩ። ማንም አልሳቀም።

«አባዬ፣ እኔ ገና ተማሪ ነኝ፤ ምን እንደሆነ የሚያውቀው መርምሮ ያየ ሰው ነው። ያነበብኩት ግን ያስፈራኛል። ዓይን ውስጥ ግፊት ሲበዛ ከጎን ጀምሮ ይጨልማል፤ የጠፋው አይመለስም፤ የሚድነው የቀረው ብቻ ነው። እኔን ስትጠብቅ ምንም ባይቀርስ?»

«ታዲያ ባዳ ዓይኔን ይጎርጉረው?»

«ሐኪም ብሆንም እኮ እኔ አላክምህም።»

መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክተው ተዉት። «ምን አልሽ አንቺ?»

«ሐኪም የገዛ አባቱን ባያክም ይሻላል። ስለሚወደው ክፉውን ማየት አይፈልግም፤ እጁም ይፈራል። ለዚያ ኮትህ ማን ለካህ?»

የተሰቀለውን ኮት የሰፉላቸው ከመንገዱ ማዶ ያሉት ልብስ ሰፊ ናቸው፤ እሳቸው «ያ ጆንያ ሰፊ» የሚሏቸው።

«ሰው የገዛ ጀርባውን መለካት አይችልማ» አሉ እያጉረመረሙ።

«እኔም ያንተን አልችልም።»

ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ልወጣ ስል የሰውዬው ድምፅ ወረደ። «ሐኪም ስትሆኚ ጊዜ አይኖርሽም፣ ልጄ። ሐኪምን የሚያገኘው በሽተኛ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ምን ይዤ እመጣብሻለሁ? ሱሪ ላሳጥርልሽ ልል ነው? ዓይኔን ይዤ ብመጣ ግን ታስገቢኛለሽ።»

ልጅቱ ወንበሯን ጎትታ በሚያዩዋት በኩል ተቀመጠች።

«ባዶ እጅህን ና፣ አባዬ። ከዚያ መጋረጃ ኋላ ሆኜ ስትናፍቀኝ ነው የከረምከው። እዚሁ፣ አንድ ቤት ውስጥ።»

በማግስቱ ሦስታችንም ሄድን። ሐኪሙ ለጋ ወጣት ነው። አገጫቸውን መሣሪያው ላይ አስደግፎ ሲያይ ቆየና የተፈራው እሱው መሆኑን ነገራቸው፤ የጠፋው ጠፍቷል፣ የሚንጠባጠበውን መድኃኒት ቀን ሳያስታጉሉ ከተጠቀሙ ግን የቀረውን ማቆየት ይቻላል።

«የኔ ልጅ፣ ያንተን አባት የሚያየው ማነው?» አሉት።

«እዚያው እሳቸው ያሉበት ከተማ፣ አንድ የማላውቀው ሐኪም።»

ልብስ ሰፊው አገጫቸውን ከመሣሪያው አነሱ። «እንግዲያው የማላውቀው ሽማግሌ ደግሞ የትም ተቀምጦ የኔን ልጅ ይጠብቃል ማለት ነው» አሉና የመድኃኒቱን ብልቃጥ ተቀበሉ።

አንባቢ ሆይ፣ በሽታ እንደ ጨርቅ ታጥፎ አይቀመጥም፤ ባስቀመጡት ቁጥር ያድጋል። ሳይቃጠል በቅጠል ያለው ሰው ሐኪም ልጅ አልነበረውም ይሆናል፤ ቢኖረውም ያንኑ ይል ነበር። ተማሪ ያለበትም ቤት ቢሆን ይነጋገር። ነገ የማታውቀውን ሰው «የት ጋ ያምዎታል?» ብላ የምትጠይቅ ልጅ፣ መጠየቅን ዝም በተባለበት ቤት አትማረውም። ልብስ ሰፊው መጋረጃውን ሰበሰቡት፤ ልጅቱ ጮክ ብላ እያነበበች እሳቸው «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» እያሉ እየጠየቋት አጠናች። አለፈች። ያልተረበሸ ሰው ከዚህ የበለጠ ያመጣ እንደሆነ አላውቅም።

ወደ ሕክምና ትምህርት ቤቱ የሄደች ዕለት አውቶቡስ ተራ ሸኘናት። መኪናው ሲነሳ በመስኮት እጇን አወጣች። አባት መነፅራቸውን ጠርገው፣ አንገታቸውን ወደ ግራ ጠምዝዘው፣ እንደ ወታደር ቀጥ ብለው ቆሙ።

«መታጠፊያው ጋ ስትደርስ እጇን አወረደች» አሉኝ። «አየኋት።»

ይህን ያሉኝ መንገዱ ባዶ ከሆነ ብዙ ከቆየ በኋላ ነው፤ ዓይናቸውን ከመታጠፊያው ሳይነቅሉ።