የትርሲት ሳይክልና የቄስ ገብረ ኪዳን ፈቃድ

ቄስ ገብረ ኪዳን የታመመች እኅታቸውን ሊጠይቁ ወረታ አድረው፣ ለሚካኤል ቅዳሴ ወደ ቁሐር ለመመለስ በጠዋት ባጃጅ ተራ ደረሱ። ባጃጁ ውስጥ ቀድማ የተቀመጠችው የንስሐ ልጃቸው ትርሲት ሆና ተገኘች። የሟቹ ወዳጃቸው የቄስ እንግዳው ልጅ ናት፤ ቁሐር ጤና ጣቢያ አዋላጅ ሆና ትሠራለች። መስቀል አሳልመው ከጎኗ ተቀመጡ።

«እንደምን አደርሽ ልጄ? አሁን እንነሳለን?»

«እግዚአብሔር ይመስገን አባ። አንድ ሰው ብቻ ቀረ ከተባለ ግማሽ ሰዓት ሆነ።»

ባጃጅ ካልሞላ አይነሳም። ቢሞላም ሹፌሩ ጎን አንድ ትርፍ ሰው ካልተጣበቀ አይነሳም። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ይጠብቃል።

«እንኳን አገኘሁዎ አባ» አለች ትርሲት። «ሳይክል ገዝቻለሁ። እናቴ ግን የነፍስ አባትሽ ሳይፈቅዱ አይሆንም ብላ እዚሁ ከተራው ጀርባ ቤታችን ጓዳ ቆልፋበታለች።»

ቄሱ ወሬውን ሰምተውት ነበር፤ አልወደዱትም።

«የቄስ ልጅ በሳይክል? አገሩ ምን ይላል?»

«አገሩ ሥራዬን አይሠራልኝም አባ። ስላረፈድሁ ሁለት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ተጽፎብኛል፤ ሦስተኛው ማሰናበቻ ነው። እናቴና ወንድሞቼ በእኔ ደመወዝ ነው እሚኖሩ። ደግሞ እኔ ሁለት ሰዓት ካልደረስሁ ይታይሽ የምትባለው የሌሊት ተረኛ አትወጣም፤ የአራት ወር ልጇ ቤት ሆኖ ጡት ብሎ ያለቅሳል። ይኼስ ነውር አይደለም?»

«ትዕግሥት ይሻላል ልጄ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«እንቁላሉስ ሄደ አባ፤ ባጃጅ ስንጠብቅ የቀረን እኛ ነን።»

ቄሱ ሳቃቸው መጥቶ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። ያም ሆኖ አልተረቱም፤ ሽማግሌ በአንድ ጨዋታ እጁን አይሰጥም።

ሹፌሩ አበረ በዚህ መካከል አንገቱን አስገባ። «ይቅርታ አባ፣ ኮንትራት መጥቶልኛል። ውረዱልኝ፤ ከኋላ ያለው ይወስዳችኋል።» ከኋላ ያለው ባጃጅ ባዶውን ቆሟል፤ ሹፌሩ ቁርስ ሊበላ ሄዷል።

ቄሱ ወርደው ሰዓት ጠየቁ። ለቅዳሴው ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል። ክው አሉ። ቅዳሴ ያለ አምስት ቀዳሽ ልዑካን አይገባም፤ ዛሬ አምስተኛው እሳቸው ናቸው። ሊቆርብ በጾም ያደረ ሕዝብ ቆሞ ሊቀር ነው። እንዳይደውሉ፣ ቀዳሾቹ ስልካቸውን ቤታቸው ትተው ነው እሚገቡ።

«ሳይክሉ በስንት ያደርስሻል?»

«አስፋልቱን ይዤ በሃያ ደቂቃ።»

አገሩ ምን ይላል ያሉት ራሳቸው ቄሱ ናቸው፤ አሁን ያው አገር በእሳቸው ምክንያት ቅዳሴ ሊያጣ ነው። አፈሩ።

«እንግዲያ ፈቅጃለሁ፣ ለእናትሽ ንገሪያት። ዛሬ ተራቸው ያልሆነው ቄስ አባ ሉቃስ ስልክ የላቸውም እንጂ ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ነው፤ በዚህ ሰዓት ገና እህል አይቀምሱም። በእኔ ፈንታ ይግቡ በያቸው። ብቻ ቀሚስሽን ረዘም አድርጊው።»

«ረዥም ቀሚስ ሰንሰለቱ ይይዘዋል አባ።»

«እንደሚመችሽ ልጄ፣ እንደሚመችሽ። ሂጂ።»

ቄሱ ቁሐር ሲደርሱ ቅዳሴው ተጋምሷል። ሕዝቡ ሲወጣ ገበያው የሚባል ጎረቤታቸው ጠጋ አላቸው።

«አባ፣ የቄስ እንግዳው ልጅ በሳይክል ስትከንፍ ታየች። ይገሥጿት እንጂ።»

«ምን ብዬ ልገሥጻት? የላክኋት እኔ ነኝ» አሉ ቄሱ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «እሷ ባትደርስ ዛሬ ቅዳሴ አልነበረም። ሥራዋንም በሰዓቷ ገብታለች፤ ይታይሽም ወጥታ ልጇን ልታጠባ ስትሮጥ በመንገዴ አግኝቻታለሁ። እኔ እንኳ ባለ መስቀሉ ከባጃጅ ተወርውሬ ቀረሁ። የሰው ደጅ ከምትጠና በገዛ እግሯ ብትሄድ ምኑ ነው ነውሩ? ጤናዋን ታገኛለች፣ እንጀራዋን ትጠብቃለች፣ በሽተኛም አያለቅስባትም።»

ገበያው መሬት መሬቱን አየ። «የእኔዋ ልጅ መባ ባጃጅ እያስረፈዳት አይደል የወረታን ትምህርት የተወችው» አለ ቀስ ብሎ። «እንግዲያ ለእሷም ይፍቀዱላት አባ።»

«ለእሷስ አንተ ፍቀድላት» አሉት።