አንድ ቁጥር ማሊያ

ደብረ ታቦር ማሊያና ቱታ እየሰፋሁ ነው የምኖረው። ኑሮ ከተወደደ ወዲህ ግን ማን ማሊያ ያሰፋል? ሱቄን ልዘጋ ቆርጬ፣ “አምላኬ፣ አንድ ሥራ ስጠኝ” ብዬ ሳማትብ የእህል ነጋዴዎች እድር ሰዎች ገቡ። ከሐሙሲት ነጋዴዎች ጋር ኳስ ሊጋጠሙ ነው። ደስታዬ ሳያልቅ ጀርባ ላይ በሚጻፈው ቁጥር ተጣልተው ሊወጡ ሆነ። የእድሩ ታላቅ አያ አዱኛ “እኔ እያለሁ አንድ ቁጥርን ማን ይለብሳል?” ብለው ተቆጥተዋል።

“አባቴ፣ አንድ ቁጥር እኮ የበረኛ ነው” አልኋቸው ፈራ ተባ እያልሁ።

“ይሁና! ቤት የሚጠብቅ አባወራ አይደል?”

ሰፋሁላቸው።

የጨዋታው ዕለት ከዘራቸውን ይዘው ጎሉ ላይ ቆሙ። የሐሙሲት አጥቂ ሁሉንም አልፎ ፊታቸው ደረሰ። በሽማግሌ ላይ እንዴት ይምታ? ኳሷን አቁሞ “እንዴት ዋሉ አባባ?” ብሎ ጎንበስ አለ። “እግዜር ይመስገን ልጄ” ብለው በከዘራቸው ኳሷን መለሷት።

የእኛዎቹ አሸነፉ። ሰኞ ሐሙሲቶች ሱቄ ድረስ መጡ፤ ሊጣሉኝ መስሎኝ ደነገጥሁ። “ለእኛም ማሊያ ስፋልን” አሉኝና ሁለት ሰው የደገፋቸው አዛውንት አስገቡ። ለአንድ ቁጥር ስለካቸው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ “ልጄ፣ በርጩማ ይፈቀዳል?” አሉኝ።